መካኒክነትን በኮሌጅ እንዴት እንደተማርሁ



የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ከትምህርት ቤታችን ከወጣህ በኋላ ምን ተማርህ? ለታናናሾችህ የሚጠቅም ነገር ጻፍልን» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ አፈርሁ። ከእኔ ጋር 12ኛ ክፍልን ከጨረሱት መካከል ሐኪም ለመሆን የሚማሩ አሉ፤ ሕግ የሚያጠኑም አሉ። እኔ የተማርሁት የመኪና ጥገና ነው። ነገር ግን ጥቂት ካሰብሁበት በኋላ ማፈሬ ራሱ ሊጻፍበት የሚገባ ጉዳይ መሆኑ ስለ ተሰማኝ፣ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ግዛት በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያሳለፍሁትን የ2 ዓመት ትምህርት እንደሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አባቴ በአዲስ አበባ በአንድ ጋራዥ ከ30 ዓመት በላይ የሠሩ መካኒክ ናቸው። ሞተር ሲነሣ ድምፁን ብቻ ሰምተው «ይህ ቫልቩ ነው»፣ «ይህ ካንዴላው ነው» ይላሉ፤ ብዙውን ጊዜም አይሳሳቱም። በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ካቻቪቴና ፒንሳ እያቀበልኋቸው እውል ነበር። ታዲያ አንድ ቀንም ቢሆን «ይህን ሙያ ያዝ» ብለውኝ አያውቁም። ይልቁንም በዘይት የጠቆረ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «ይህን እጅ አየኸው? የአንተ እጅ እስክሪብቶ ይያዝ» ይሉኝ ነበር።

አባቴን እንዲህ ያሰኛቸው የገቢ ማነስ ብቻ አልነበረም። በአገራችን የእጅ ሙያ ያለውን ሰው ዝቅ አድርጎ ማየት የቆየ ልማድ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ለሁሉ የሚያስፈልጉ ሳሉ በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን ልማድ ለማስቀረት ሲሉ ባለሙያን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከልክለዋል። የሚያስገርመው ግን በዚያው በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ መግባቱ ነው፤ ይዞት የመጣውም ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። አውቶሞቢሉና ዐዋጁ በአንድ ዓመት መጡ ማለት ነው። አውቶሞቢሉን ሁላችንም በደስታ ተቀበልነው፤ ዐዋጁ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በልባችን በሙሉ የገባ አይመስለኝም።

በዲቪ ዕጣ ቨርጂኒያ በደረስሁ ጊዜ፣ እንደ ብዙ የአገራችን ልጆች በዋሺንግተን ከተማ በአንድ መኪና ማቆሚያ ሥራ ጀመርሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና አስገባለሁ፤ አወጣለሁ። መሪ በያዝሁ ቁጥር ጆሮዬ ሳላዝዘው ያዳምጥ ነበር። የአንዱ ቺንጋ ይጮኻል፤ የሌላው ፍሬን ይፍቃል። ይህን አይቼ መካኒክነት ለመማር መቍረጤን ለአጎቴ ብነግረው፣ «አሜሪካ ድረስ መጥተህ ጋራዥ?» አለኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ሆኖም ተመዘገብሁ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማለት በየአካባቢው ለሚኖረው ሕዝብ በቅርብ እንዲገኝ የተቋቋመ የ2 ዓመት ኮሌጅ ነው። ዛሬ ካሉት የመንግሥት ኮሌጆች በዚህ ዓይነት ሁሉን የሚቀድመው እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ የተከፈተው ነው። በቨርጂኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 በሕግ ተደራጅተው ዛሬ 23 ኮሌጆች ይገኛሉ። በነዚህ ኮሌጆች 2 ዓመት ተምሮ ትምህርቱን በዩኒቨርሲቲ የሚቀጥል አለ፤ እንደ እኔ ሙያ ተምሮ በቀጥታ ወደ ሥራ የሚሄድም አለ። ሁለቱም በአንድ በር ይገባሉ፤ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ያነባሉ። ይህ ነገር በመጀመሪያው ቀን ደስ አሰኘኝ።

ስለ ክፍያውም ወላጆች ማወቅ ይፈልጉ ይሆናል። በግዛቱ ቢያንስ 1 ዓመት ተቀምጦ ነዋሪነቱን ያስመዘገበ ሰው የሚከፍለው ከሌላ ቦታ ከመጣው በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ 1 ዓመት ሠርቼ ጠበቅሁ። ከዚህም ሌላ ፔል የሚባል የፌዴራል መንግሥት ርዳታ አለ። ርዳታው ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ተማሪዎች ይሰጣል፤ ብድር ስላልሆነም አይመለስም። ዜጋ ያልሆነ ሰው እንኳ ግሪን ካርድ ካለው ሊጠይቅ ይችላል።

ከመመዝገቤ በፊት እንግሊዝኛና ሒሳብ ምን ያህል እንደማውቅ ታየ። በልቤ «ቡሎን ለመፍታት ሒሳብ ምን ያደርጋል?» ብዬ ነበር። መልሱን ቆይቼ አገኘሁት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በክፍላችን 18 ተማሪዎች ነበርን። የ18 ዓመት ልጆች አሉ፤ ከወታደር ቤት የወጡ አሉ፤ ሥራ ለመለወጥ የመጡ የ45 ዓመት ሰውም ነበሩ። ሴቶችም ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዲቱ በኤሌክትሪክ ትምህርት ከሁላችን የበለጠች ናት። ጠዋት በክፍል ውስጥ ከመጽሐፍ እንማራለን፤ ከሰዓት በኋላ የሥራ ልብስ ለብሰን ወደ ጋራዡ እንገባለን።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተማርነው ስለ ጥገና ሳይሆን ስለ ጥንቃቄ ነበር። መኪና ወደ ላይ ሲነሣ የማንሻው እጆች ፋብሪካው በወሰነላቸው ነጥቦች ላይ ካልተቀመጡ መኪናው ይወድቃል። ጥቂት ከመሬት እንደተነሣ በእጅ ነቅንቆ ሳይፈትኑ ከሥሩ መግባት ክልክል ነው። የዓይን መነጽር ግዴታ ነው። የጋብቻ ቀለበት እንኳ ይወልቃል፤ ቀለበት የባትሪን ሁለት እግሮች ካገናኘ እንደ ምጣድ ግሎ ጣትን ያቃጥላልና። የጎማ ዳዶ እንኳ ሥርዓት አለው። በተርታ አይጠበቅም፤ አንዱን አጥብቆ ወደ ትይዩው በመሻገር፣ በመጨረሻም የመጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ልኩን በማድረስ ነው። የላላ ዳዶ ጎማ ያስወልቃል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ደግሞ ቡሎኑን ይቈርጣል ወይም የፍሬኑን ዲስክ ያጣምማል።

አንድ ቀን አስተማሪያችን አንዲት ዕቃ ወደ ላይ አንሥተው «ይህች ምንድን ናት?» ብለው ጠየቁ። እኔም ከሁሉ ቀድሜ «ካንዴላ!» ብዬ ጮኽሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በእንግሊዝኛ ስሟ ስፓርክ ፕለግ ነው። በአገራችን ጋራዥ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ መሆናቸውን ያን ጊዜ ለክፍሉ አስረዳሁ። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ «ካንዴላ» የሚል ስም አወጡልኝ። እኔ ግን ያን ማታ ደብተር ከፍቼ በአንድ በኩል የአባቴን ቃል፣ በሌላው በኩል የኮሌጁን ቃል መጻፍ ጀመርሁ።

ስለ ሞተር የተማርነውን በአጭሩ ብገልጽ፣ የቤንዚን ሞተር ኃይል የሚያገኘው ፒስቶኑ 4 ጊዜ በሚያደርገው ጕዞ ነው። በ1ኛው ወደ ታች ወርዶ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ በ2ኛው ወደ ላይ ወጥቶ ያምቀዋል፤ በ3ኛው ካንዴላዋ እሳት ትጭርና ግለቱ ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ በ4ኛው የተቃጠለው ጢስ ይወጣል። ኒኮላውስ ኦቶ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1876 በዚህ ዐይነት የሚሠራ ሞተር ሠራ፤ ዛሬም ሥርዓቱ ያው ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ሞተር እንዲነሣ አየር፣ ነዳጅ፣ እሳትና እመቃ ያስፈልጉታል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሞተሪኖው ሊያዞረው ይገባል። ሞተሩ ጨርሶ የማይዞር ከሆነ ስለ ቤንዚን መጠየቅ ከንቱ ነው። ጥገና ማለት እንግዲህ በመጀመሪያ የማይመለከተውን እያወጡ የሚመለከተውን ማጥበብ ነው።

ለዚህም ሲባል በየሥራ ወረቀቱ ላይ 3 መስመሮች እንሞላለን። 1ኛው ቅሬታ ነው፤ ባለመኪናው ምን አለ? 2ኛው ምክንያት ነው፤ ብልሽቱን ያመጣው ምንድን ነው? በምንስ ተረጋገጠ? 3ኛው እርማት ነው፤ ምን ተደረገ? እኔ ይህን እንደ ጽሕፈት ቤት ሥራ ቈጥሬ በችኮላ እሞላው ነበር። ዋጋውን ያስተማረኝ የሚከተለው ነው።

ከአገሬ ሰዎች አንዱ በታክሲ ሥራ 3 ልጆች የሚያሳድጉ ታላቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በ2ኛው የትምህርት ወቅት መኪናቸው ጠዋት ጠዋት አልነሣ እያለች እንዳስቸገረቻቸው ነገሩኝ። ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ ዝግ ብሎ ይዞርና ጠቅ ብሎ ይቀራል። እኔም ሳልለካ «ባትሪው ደክሟል» አልሁ። አዲስ ገዙ፤ ተከልሁት፤ መኪናዋም ተነሣች። ጋሼ መረቁኝ። በ3ኛው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት አንድ ደንበኛ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያደርሱ ሲነሡ መኪናዋ ጠቅ ብላ ቀረች። ደንበኛው በሌላ ታክሲ ሄደ። እኔም አሁንም ሳልለካ «እንግዲያው ሞተሪኖው ነው» አልሁ። ሞተሪኖ ከባትሪ ይበልጥ ይወደዳል። እርሱንም ገዙ፤ ቅዳሜ ለወጥሁት። ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ አልተቆጡም። «ልጄ፣ የበላኸው የቤት ኪራዬን ነው» ብቻ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮሌጁ ተማሪዎች እንዲለማመዱባቸው የሰው መኪና ይቀበላል፤ ባለመኪናው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ይከፍላል። የጋሼን መኪና አስጐትቼ ወሰድኋትና የሥራ ወረቀቱን ሞላሁ። በቅሬታው ላይ «አልነሣም አለች»፣ በእርማቱ ላይ «ባትሪና ሞተሪኖ ተለወጡ» ብዬ ጻፍሁ። መካከለኛዋ መስመር ባዶ ነበረች። አስተማሪያችን ባዶዋን ቦታ በእርሳሳቸው ነክተው፣ «የሰውየው ገንዘብ የፈሰሰው በዚህች በኩል ነው» አሉኝ።

ከዚያም ቮልቲሜትር አስያዙኝ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እግር፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አስነክቼ ሳለ ጓደኛዬ ቁልፉን አዞረ። ሁለቱን የሚያገናኘው ወፍራም ገመድ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት ከ0.2 ቮልት መብለጥ አልነበረበትም። መሣሪያው ግን 3 ቮልት አሳየን። የናቅሁት ሒሳብ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ቮልት ማለት አምፔር በኦም ሲባዛ ነው። ሞተሪኖው 150 አምፔር ያህል ይስብ ነበር፤ 3 ለ150 ሲካፈል 0.02 ኦም ይመጣል። ይህን የሚያህል ጥቂት እክል ተራ መለኪያ ገመዱን ፈትቶ ቢለካው አያገኘውም፤ ገመዱ ሥራ ላይ ሳለ ብቻ ነው የሚጋለጠው። ገመዱን ፈትተን ጫፉን ብንገልጠው ከላስቲኩ ሥር አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ባትሪውን ስለውጥ ገመዱ ስለ ተነቃነቀ ለጊዜው ተገናኝቶ መኪናዋን አስነሣት፤ እኔም ያዳንኋት መሰለኝ። የአዲሱ ገመድ ዋጋ ከሁለት ሰው ምሳ አይበልጥም ነበር። የሞተሪኖውን ዋጋ ለጋሼ ከደመወዜ በ4 ወር ከፍዬ ጨረስሁ።

ያን ዕለት ማታ ለአባቴ ደውዬ ሁሉን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ገመዱን በእጅህ አልዳሰስኸውም እንዴ? ሞተሪኖው ጥቂት ከዞረ በኋላ የታመመ ገመድ ጫፉ ላይ ይሞቃል» አሉኝ። እውነት ነው፤ እክል ባለበት ቦታ ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ይለወጣልና። እኛ በቮልቲሜትር ያገኘነውን አባቴ በመዳፋቸው ሲያገኙት 30 ዓመት ሆኗቸዋል። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «አልጠየቅኸኝማ፤ ደግሞስ ሙያ በልብ ነው» አሉ።

አንባብያን ሆይ፣ ይህን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለሙያ ሰው በሙያው እንዳይመጻደቅ ያስተምራልና መልካም ነው። ነገር ግን በልብ ብቻ የቀረ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። ኮሌጁ ከአባቴ ጋራዥ የሚለየው በዕውቀት ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውን በቁጥር ለክቶ፣ በመስመር ጽፎ ለማያውቀው ሰው ስለሚያስተላልፍ ነው። አባቴ መዳፋቸውን ሊያወርሱኝ አይችሉም፤ መዳፋቸው የሚያውቀውን ግን መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እደውልላቸዋለሁ። እኔ እጠይቃለሁ፤ እርሳቸው ይመልሳሉ፤ እጽፋለሁ። የተለያየንበትን ነጥብ ምልክት አድርጌበት በማግስቱ በመሣሪያ እፈትነዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ አባቴ ይረታሉ፤ አንዳንድ ጊዜ መጽሐፉ ይረታል። እስካሁን 2 ደብተር ሞልቷል።

ከትምህርቱ በኋላ ስላለው ነገር ባጭሩ ልናገር። በአሜሪካ ኤ.ኤስ.ኢ. የተባለ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመ ድርጅት መካኒኮችን ይፈትናል። ለቤት መኪና ዋናዎቹ ፈተናዎች 8 ናቸው፤ እነርሱም ሞተር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የእጅ ማርሽ ካምቢዮና አክስል፣ መሪና ሞላ፣ ፍሬን፣ ኤሌክትሪክ፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ፣ እንዲሁም የሞተር አሠራር ብቃት ናቸው። ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ የተማረ ሰው ግን ትምህርቱ እስከ 1 ዓመት ሊታሰብለት ይችላል። የምስክር ወረቀቱም በየ5 ዓመቱ መታደስ አለበት። እኔ እስካሁን የፍሬኑንና የኤሌክትሪኩን አልፌያለሁ።

ችግሩንም መደበቅ አይገባኝም። መካኒክ አብዛኛውን መሣሪያ የሚገዛው በራሱ ገንዘብ ነው። በብዙ ጋራዥ ደግሞ ክፍያው በሰዓት ሳይሆን ለየሥራው አስቀድሞ በተወሰነ ሰዓት ነው። መጽሐፉ ለአንድ ሥራ 2 ሰዓት ከሰጠ፣ በ1 ሰዓት ቢጨርሰውም በ3 ሰዓት ቢጨርሰውም የሚከፈለው የ2 ሰዓት ነው። ይህ ሠራተኛን ወደ ችኮላ ይገፋል፤ ቸኳይም መካከለኛዋን መስመር ባዶ ይተዋል። ወገብም ይታመማል፤ እጅም ይቈስላል።

በአገራችንም እንደ ተግባረ እድ ባሉ ተቋማት የአውቶሞቢል ሙያ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ሙያውን ለመማር ባሕር መሻገር አያስፈልግም። እንዲያውም አሁን ተማሪ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። መንግሥታችን በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ተነግሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ማርሚታ የለውም፤ የሞተር ዘይት አይለወጥለትም። ፍሬን፣ መሪ፣ ሞላና ጎማ ግን እንደ ወትሮው አሉት። ብርቱካን ቀለም ባላቸው ገመዶች ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ 400 ቮልት ያህል ስለሆነ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ልዩ የላስቲክ ጓንት ሳይለብሱ፣ ኃይሉን ቈርጠው፣ ፋብሪካው ያዘዘውን ያህል ጠብቀው፣ መቋረጡንም ለክተው ሳያረጋግጡ መንካት አይቻልም። ይህን ለአባቴ ባጫውታቸው፣ «ጆሮዬ የማይሰማው ሞተር መጣ በለኛ» ብለው ሣቁ። ሣቃቸው ውስጥ ሐዘን ነበረበት። ያን የታመመ ገመድ ያገኘንበት መለኪያና ሒሳብ ግን ለኤሌክትሪኩ መኪናም ያገለግላል።

እንግዲህ ለእናንተ ለተማሪዎች የምለው ይህ ነው፤ የምትማሩትን የፊዚክስና የሒሳብ ትምህርት ለፈተና ብቻ አትቍጠሩት፤ የሰው የቤት ኪራይ የሚድንበት ቀን ይመጣል። በማንኛውም ሥራ ቅሬታውን ሰምታችሁ ወደ እርማቱ ከመዝለላችሁ በፊት መካከለኛዋን መስመር ሙሉ። በቤታችሁ ባለሙያ አባት ወይም እናት ካሏችሁም ዛሬውኑ ደብተር ይዛችሁ ጠይቋቸው።

ለወላጆችም በትሕትና አንድ ነገር ልበል። አባቴ እጄ እስክሪብቶ እንዲይዝ ይመኙ ነበር። ምኞታቸው ተፈጽሟል፤ እጄ ቀን ቀን ቁልፍ ይይዛል፣ ማታ ማታ እስክሪብቶ ይይዛል። ባለፈው ክረምት አገሬ ገብቼ 2ቱን ደብተሮች ሳሳያቸው፣ ገጹ እንዳይቈሽሽ በመፍራት እጃቸውን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥበው ነው የገለጡት። እኔ ግን ያ ጥቁር የዘይት አሻራ በገጹ ላይ ቢቀር ደስ ባለኝ ነበር።